የታመመች አይጥ ፈልጉልኝ

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል ግን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል። 3 ሌሊት ወጥመድ ዘርግተን 44 አይጥ ይዘናል፣ የምርመራ ኪቱ ግን ለ20 ብቻ ነው የሚበቃው። ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ሃንታ ቫይረስ ነበር የምንፈልገው። ዝናቡ ጥሩ የነበረበት ዓመት ስለሆነ እህሉም ሳሩም በዝቶ አይጥ ተራብቷል፣ ከያዝናቸው ግማሽ በላይ ገና ጡት የጣሉ ናቸው። ጠዋት እየመዘንኩ ከባባዶቹን ወንዶች፣ ጆሯቸው የተቦጨቀውንና ጭራቸው ላይ ጠባሳ ያለውን፣ ለብቻ አስቀመጥኳቸው። የቡድኑ ኃላፊ መጡና አየት አርገው "እነዚህ እኮ ጤነኞች ናቸው፣ የታመሙትን ለይልኝ" አሉኝ።

"ዶክተር፣ እነዚህ ቫይረሱን ይዘውም አይታመሙም።"

"ካልታመሙ ምኑን ያዛቸው ታዲያ?"

"አብሯቸው ይኖራል። በሽንታቸውም በምራቃቸውም ይወጣል፣ እነሱ ግን ይበላሉ፣ ይዋለዳሉ። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ላይ ምንም ሕመም ያልነበራቸውን ወጣቶች ሳንባ እያጠቃ የገደለው ሲን ኖምብሬ የሚሉት የሃንታ ዓይነት "የአጋዘን አይጥ" ከምትባል የዱር አይጥ ነው የመጣው፣ አይጧ ስትታይ ደህና ነች።"

"ልጄ፣ እኔ ስንት ዓመት በሽተኛ አይቻለሁ፣ ምልክት በሌለው ላይ ኪት አላባክንም" አሉና ኩርምት ያሉትን፣ ፀጉራቸው የቆመውን፣ የሚንቀጠቀጡትን ራሳቸው መርጠው 20 ሞሉ።

የሚንቀጠቀጡት እኮ ብርድ መቷቸው ነው! ትንንሽ ልጆች ናቸው፣ ሌሊቱን ብረት ወጥመድ ውስጥ ነው ያደሩት፣ ጥጡንም በበቂ አላስገባንላቸውም፣ እሱ የኔ ጥፋት ነው። ሃንታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመወለድ ከእናት ወደ ልጅ አይተላለፍም፣ ካደጉ በኋላ ሲናከሱ ሲጣሉ ነው የሚያገኛቸው፣ ለዛ ነው ጠባሳ ያለበትን ትልቅ ወንድ የምንፈልገው። አይጥ በበዛበት ሰሞን ደግሞ አዲስ የተወለዱት ስለሚበዙ ቫይረሱ የጠፋ ይመስላል፣ እነዛ ልጆች አድገው መናከስ ሲጀምሩ ነው ቁጥሩ የሚወጣው። ይሄን ሁሉ እዛው ቆሜ ማስረዳት ነበረብኝ፣ ግን "ልጄ" ሲሉኝ ዝም አልኩ።

20ውም ኔጋቲቭ ወጣ። ሪፖርቱ ላይ አካባቢው ነፃ ነው ተብሎ ተፃፈ።

የትልልቆቹን ወንዶች ደም ግን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ ኪት ሲመጣ ለመንኩና አሰራሁት፣ ከ11ዱ 3ቱ አንቲቦዲ ተገኘባቸው፣ ማለት ቫይረሱ ይዟቸው ነበር። ውጤቱን ወስጄ ለዶክተር ሰጠኋቸው፣ "ለሚቀጥለው ዙር እናየዋለን" አሉኝ፣ ሪፖርቱ ግን እንዳለ ቀረ።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ወጥመድ ወዳስቀመጥንበት መጋዘን ሄድኩ። የምታፀዳው ሴትዮ በሩን ዘግታ የአይጥ ኩሱን በደረቅ መጥረጊያ እየጠረገች አገኘኋት፣ አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይታያል። እህቴ ተይው፣ መጀመሪያ በር መስኮቱን ክፈቺና ግማሽ ሰዓት ይናፈስ፣ ከዛ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጠሽ አርከፍክፊበት፣ 5 ደቂቃ ቆይተሽ በጓንት አንሺው፣ በደረቁ ከጠረግሽው ብናኙን ነው የምትተነፍሺው አልኳት። መጥረጊያዋን እንደያዘች አየችኝና "ነፃ ነው አላላችሁም እንዴ?" አለችኝ።

አይደለም አልኳት። በረኪናውን አብረን በጠበጥን።