ስለ ሐሺሽ ከልጄ ጋር እንዴት እንደተነጋገርን

"አንዴ ያጨሰ ያብዳል" እያልን ልጆቻችንን እናስፈራራለን። ልጁ ግን አጭሶ ያላበደ ጓደኛ ካለው፣ ከዚያ በኋላ የምንለውን ሁሉ አይሰማም። እኔ ከ16 ዓመት ልጄ ጋር መግባባት የቻልኩት እውነቱን ብቻ ስለነገርኩት ነው።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር ይውልና ዓይኑ ደም መስሎ ይመለሳል። "ስዋኝ ውዬ ነው እማዬ" ይለኛል፤ ፀጉሩ ግን ደረቅ ነው። ራቱን በልቶ ተኝቷል ስል፣ እኩለ ሌሊት ላይ እንጀራ በቀዝቃዛ ሽሮ ሲበላ አገኘዋለሁ። ሱሪውን ላጥብ ስል ደግሞ ከኪሱ የዓይን ጠብታ ወጣ። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሲደራረብ ነው የሚያሳስበው።

የዚያን ዕለት ማታ ምንም አላልኩትም። የጦዘ ልጅ ምክር አይገባውም። ቅዳሜ ጠዋት "ና እስቲ ወክ እናድርግ" ብዬ በሐይቁ ዳር ይዤው ወጣሁ። ጎን ለጎን ስንሄድ ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ለመናገር ቀለለው። ጠብታውን እንዳገኘሁ ነገርኩትና "ምኑ ነው የጠቀመህ?" አልኩት።

ብዙ ዝም ብሎ "ስለ ማትሪክ ማሰብ ያቆምልኛል" አለኝ። መጀመሪያ የቀመሰውም ጫት ቤት ነው፤ እዚህ ባሕር ዳር ጫቱን እንደ ቀላል ነገር የምናይ ወላጆች ይህን ልብ እንበል።

እኔም የማውቀውን ነገርኩት። አንጎል እስከ 25 ዓመት አካባቢ እድገቱን አይጨርስም፤ ዘግይቶ የሚበስለው ማመዛዘኛው ክፍል ነው። ሐሺሽ ትኩረትንና የማስታወስ ችሎታን ያደክማል፤ ስለዚህ የፈራውን ፈተና ያከብድበታል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ከሚጀምሩት ከ6 አንዱ ገደማ ሱስ ይይዘዋል።

"አምስቱ አይያዙማ!" አለኝ።

"አዎ። አንተ ከየትኞቹ እንደሆንክ ግን ቀድሞ የሚነግርህ የለም።"

ይህችን መልስ ሲያሰላስላት ቆየ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 መሸጡን ብቻ ሳይሆን መጠቀሙንም እንደሚያስቀጣ ስነግረው ግን ብዙም አልደነገጠም።

ቤት ውስጥ ጠንከር አልኩ። የኪስ ገንዘቡን አቁሜ የሚያስፈልገውን ራሴ መግዛት ጀመርኩ፤ ሒሳብ የሚያስጠናው ወንድሜ ሆነ። ያቆመ ሰሞን እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ዘጋው፣ በትንሽ በትልቁ ይቆጣ ነበር። ይህ ሲያቆሙ የሚመጣ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይብሳል፣ ከዚያ እየቀለለ ይሄዳል። ያኔ "ባሰበት" ብላችሁ ልጁን አታባርሩት። ድምፅ ይሰማኛል ካለ ወይም ሰው ሁሉ የሚያሳድደው ከመሰለው ግን፣ በተለይ በዘር የአእምሮ ሕመም ካለ፣ በዕለቱ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰዱት። ጸበል የሚያስጠምቅም ያስጠምቅ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀር።

በመስቀል ሰሞን እንደገና ማጨሱን ራሱ መጥቶ ነገረኝ። አልጮህኩበትም። ከማን ጋር እንደነበረ ጠየቅሁት፤ ከዚያ ቁጭ ብለን በበዓል ቀን እነዚያ ልጆች ሲጠሩት ምን ብሎ እንደሚቀር ተነጋገርን።