ዝውውር የጠየቅኩት ስራውን ስለጠላሁት አይደለም

የዝውውር ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስራው ሰለቸሽ እንዴ?" ብሎ ነው። አልሰለቸኝም። ነርስነትን እወደዋለሁ፤ በቃሬዛ የገባ ሰው በእግሩ ሲወጣ ማየት ዛሬም ደስ ይለኛል። መራቅ የፈለግኩት ከአለቃዬ ነው። ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ቀላል አልሆነልኝም፣ ምክንያቱም ሙያችን ውስጥ "ቻይው፣ ሁላችንም እንዲህ ሆነን ነው ያለፍነው" የሚባል ነገር አለ። ይህ አባባል ስንት ጎበዝ ነርስ ከሙያው እንዳስወጣ ሳስብ ያናድደኛል።

አለቃዬ የዋርድ፣ ማለትም የታካሚዎች መኝታ ክፍል፣ ኃላፊ ናት። ሙያውን ለማታውቁ፣ የዋርድ ኃላፊ እጅ ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። የተራ ፕሮግራም የምታወጣው እሷ ናት። ማን ሌሊት እንደሚገባ፣ ማን ፈቃድ እንደሚወጣ ትወስናለች። የስራ አፈጻጸም ነጥብ የምትሞላውም እሷው ናት። ስለዚህ ቂም ከያዘች መጮህ እንኳን አያስፈልጋትም። ፕሮግራሙ ሲለጠፍ ሄደሽ ስምሽን ትፈልጊያለሽ፦ ሌሊት፣ ሌሊት፣ አንድ ቀን እረፍት፣ ጠዋት፣ እንደገና ሌሊት። ስትጠይቂ "የሰው እጥረት አለ" ትባያለሽ። እጥረቱ እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ የሚወድቀው ባለፈው ስብሰባ ላይ በተናገረችው ልጅ ላይ ነው።

ተራ ስንቀያየር በምናደርገው ርክክብ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። አልጋ አጠገብ ቆሜ ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ሳስረዳ መሃል ላይ ታቋርጠኝና "ይህን እንኳን አታውቂም?" ትለኛለች፣ ታካሚው እየሰማ። ሰውየው ቀና ብሎ ያየኛል። ትንሽ ቆይቼ መርፌ የምወጋው እኔ ነኝ፤ ክንዱን የሚሰጠኝ እጄን በጥርጣሬ እያየ ነው።

ያም ሆኖ "የራሴ ጉዳይ ነው፣ እችለዋለሁ" እል ነበር። ሀሳቤን ያስቀየረችኝ አዲስ የተመደበች ልጅ ናት። አንድ ሌሊት የአንድ ታካሚ ግሉኮስ ከታዘዘው በላይ ፈጥኖ ሲወርድ አገኘችው። አስተካከለችው፣ ግፊቱን ለካች፣ ስኳሩን አየች፤ ደህና ነበር። ግን ቻርቱ ላይ አልጻፈችውም። መጥታ በሹክሹክታ "ሲስተር፣ ከጻፍኩት ጠዋት ሰው ፊት ታዋርደኛለች" አለችኝ። ተረኛ ሐኪሙን ጠራነው፣ የሆነውንም አብረን ጻፍነው። ያን ሌሊት ግን ጉዳዩ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ፍርሃት ያለበት ዋርድ ውስጥ የሚጎዳው ታካሚው ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንሰን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ ጥሩ የሚመሩት ቡድኖች ትንሽ የመድኃኒት ስህተት ይኖራቸዋል ብላ ነበር የጠበቀችው። ያገኘችው ግን የተገላቢጦሹን ነው። ጥሩ አለቃ ያላቸው ዋርዶች የተመዘገበ ስህተት በዝቶ ታየ። ይህ የሆነው እዚያ ያሉት ነርሶች የባሱ ስለነበሩ ሳይሆን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ሊሆን እንደሚችል ነው በኋላ የተረዳችው። እኛ ጋ ወረቀቱ ንጹህ ነው፣ አለቃችንም በዚያ ትመሰገናለች፤ ለእኔ ግን ያ ንጹህ ወረቀት ያስፈራኛል።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 (እ.ኤ.አ.) በስራ ጫና መዛልን በበሽታዎች መለያ ዝርዝሩ ውስጥ ሲገልጸው በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የስራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነገር ነው ያለው። ጉልበት ማለቅ፣ ከስራው በሃሳብ መራቅ፣ ምንም እንደማይሰሩ መሰማት። ሁለተኛው እኔ ላይ መታየት ጀምሮ ነበር። ታካሚን በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥር መጥራት ስጀምር ደነገጥኩ።

ማመልከቻውን ስጽፍ የአለቃዬን ስም አላነሳሁም። እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ አይስማሙም፣ "እውነቱን ጻፊው እንጂ!" ይሉኛል። እኔ ግን ዝውውርና አቤቱታ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው ባይ ነኝ። አንድ ወረቀት ላይ ከቀላቀልሻቸው የሰው ኃይል ክፍሉ እናንተን ማስታረቅ ይጀምርና ዝውውሩ እዚያው ይቀራል፣ የሚቀበልሽ ዋርድ ኃላፊም ገና ሳታይሽ ጭቅጭቅ የምትወድ ሰው አድርጋ ታስብሻለች። ስለዚህ የጻፍኩት የምሄድበትን ነው፦ የሕፃናት ክፍል፣ ለምን እንደምፈልገው፣ የወሰድኩትን ስልጠና፣ ስራዬን በአግባቡ አስረክቤ እንደምወጣ። ወሬው ሳይቀድመኝ ራሴ ወስጄ ለአለቃዬ ሰጠኋት፣ ኮፒው ላይም "ደርሶኛል" ብላ እንድትፈርም አደረግኩ። ይህን ፊርማ በፍጹም እንዳትረሱ።

አቤቱታው ለብቻው ነው። ቤት የማስቀምጠው ደብተር አለኝ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቃል በቃል የተባለው፣ ማን እንደነበረ። የታካሚ ስም አይገባበትም። "ባህሪዋ መጥፎ ነው" ብሎ ለኮሚቴ ማመልከት የትም አያደርስም፤ "በዚህ ቀን ርክክብ ላይ እነ እገሌ ባሉበት እንዲህ አለች" ሲባል ግን መልስ የሚጠየቅበት ነገር ይሆናል።

እሷን አልጠላትም። ጎበዝ ነርስ እንደነበረች ሁሉም ይመሰክራል፣ እኔም እጇን አይቻለሁ፣ ሌላው ያጣውን ደም ስር እሷ ታገኘዋለች። ጎበዝ ስለሆነች አለቃ አደረጓት፣ ሰው እንዴት እንደሚመራ ግን ያሰለጠናት የለም፤ ከላይ ያዟታል፣ ከታች ሰው የላትም። ይገባኛል። ያ ግን በየቀኑ ሰው ፊት እንድታዋርደኝ ፈቃድ አይሰጣትም።

የምሄድበትን ዋርድ አስቀድሜ አየሁት። ርክክባቸው ላይ ዳር ቆሜ አዳመጥኩ። አንዷ የአንድ ሕፃን መድኃኒት ዘግይቶ እንደተሰጠ ስትናገር ኃላፊዋ "ምን ያዘሽ? ፋርማሲው ነው?" ብላ ጠየቀቻትና ሰዓቱን አብረው አስተካክለው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ። ሌላ ነገር መጠየቅ አላስፈለገኝም።

መልሱ ገና አልመጣም። ከተፈቀደልኝ በሚቀጥለው ፕሮግራም እዚያ እገባለሁ። ካልተፈቀደልኝ ደግሞ እንደገና አስገባለሁ፣ በዚያን ጊዜ ግን አቤቱታውንም ከነደብተሬ ይዤ ነው የምሄደው።