የአባቴ ኪዮስክ

ኪዮስካችንን ማደስ ከጀመርኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ጣቶቼ ሰማያዊ ናቸው፣ ወገቤም ይሰማኛል። ግን ደስ ብሎኛል።

ግቢያችን ጥግ ላይ ያለችውን የእንጨት ኪዮስክ የሠራት አባቴ ነው። አንድ መስኮት፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ በር፤ በቃ። ከሁለት ዓመት በፊት በራሴ እጅ አረንጓዴ ቀባኋት። ዓመት ሳይሞላት ተላጠች። ያኔ ቀለሙን ነበር የረገምኩት። አሁን ሳስበው ቀለሙ ምንም አላጠፋም።

የቀባሁት ዝናብ ባቆመ ማግስት ነው። ሳንቃውን ስነካው ደረቅ ስለነበር ብሩሽ አነሳሁ። እንጨት ግን ላዩ ደርቆ ውስጡ ውሃ ይይዛል። ያ ውሃ ፀሐይ ሲያገኘው መውጣት ይፈልጋል። መውጫውን ቀለም ዘግቶበት ካገኘው ቀለሙን ከስሩ ገፍቶ ያነሳዋል። ደግሞ የቀባሁት በጠራራ ፀሐይ ነበር። ላዩ ቶሎ ቆዳ አወጣ፣ ታቹ አልደረቀም። የብሩሹ መስመር ሁሉ እዚያው ቀረ።

ዘንድሮ መጀመሪያ የተነሳውን ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። ከእኔ አረንጓዴ ስር አባቴ የቀባው ብቅ አለ፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ። ጨርሶ ረስቼው ነበር። መፋቂያውን አስቀምጬ ትንሽ ቆሜ አየሁት።

የድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ የእርሳስ ማዕድን ሊኖር ይችላል፣ አቧራው ደግሞ በተለይ ለልጆች መርዝ ነው። ስለዚህ በደረቁ አልፈገፈግኩም። እንጨቱን እያረጠብኩ፣ አፍና አፍንጫዬን በደንብ ሸፍኜ፣ ልጆቹን ወደ ቤት አስገብቼ ሠራሁ። ፍቅፋቂውን ከስር ባነጠፍኩት ላስቲክ ሰብስቤ አሰርኩት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ እንዲደርቅ ተውኩት። መጠበቁ ከመፋቁ ይከብዳል!

ትልቁን ነገር ያገኘሁት ግን ታች ነው። የሳንቆቹ እግር ጠቁሯል። ቢላ ሳስነካው እንደ ዳቦ ገባ። ያኔ ከላይ ስቀባ እዚያ ጎንበስ ብዬ አላየሁም። እንጨት ዛፍ ሳለ ውሃ ወደ ላይ ያወጣባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። ሲቆረጥ አፋቸው የሚከፈተው ጫፉ ላይ ነው። ዛፉ ከሞተም በኋላ በዚያው ይጠጣል። መሬት የነካ ጫፍ ደግሞ መጠጣቱን አያቆምም። የበሰበሰውን ቆርጬ በአዲስ ቀጠልኩ። ወንድሜ አንዱን ጎን ከፍ ሲያደርግልኝ ከስር ጡብ አስገባሁ፤ አሁን አፈር የሚነካት ነገር የለም። የተቆረጡትን ጫፎች በሙሉ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን መነሻ ቅብ፣ አጠጣኋቸው። የመጀመሪያውን ዓይኔ እያየ ጨረሱት። ደገምኳቸው።

የቀረው ቀላል ነበር። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ሻካራውን፣ በ120 ልስላሴውን፣ ሁሌም እንጨቱ በሄደበት አቅጣጫ። ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለም፣ ሁለቴ፣ ስስ ስስ አድርጌ። ጠዋት የምዕራቡን ጎን፣ ከሰዓት የምሥራቁን ቀባሁ። እንዲህ ሲሆን ፀሐይዋ በሌላው በኩል ትሆናለች፣ እኔም ቀለሙም ጥላ ውስጥ እንሠራለን።

ቀለሙ? አረንጓዴውን ተውኩት። ከነጭና ከሰማያዊ እያዋሃድኩ፣ በቁራጭ እንጨት ላይ እየሞከርኩ፣ የአባቴን ሰማያዊ ፈለግኩ። በትክክል አልመጣም። እርጥብ ሳለ አንድ ይመስላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል። በአራተኛው ሙከራ ግን እናቴ ከበረንዳ ሆና አየችውና «ይሄ የሱ ነው» አለች። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ነገ በሩን እሰቅላለሁ። አሁን ሁለት በርሜል ላይ ተጋድሞ እየደረቀ ነው። ማንም የማያየውን የታች ጠርዙን ሦስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ።