«አስተማሪ» ላይ ያ «አስ» ምን ይሠራል?

ከከዚራ ሰፈር ተነስቶ የደቻቱን ወንዝ ለተሻገረ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አስተማሪ ብዙ ስም አለው። ተማሪው «ቲቸር» ይላል፣ ደብዳቤው «መ/ር» ብሎ ይጽፋል፣ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ነው፣ በሶማልኛ «መዓሊን»።

«መምህር» ንጹሕ ግዕዝ ነው። «መሀረ» ማለት አስተማረ፤ «መ» ከፊት ሲገባ አድራጊውን ይሰጣል፤ ከኰነነ «መኰንን» እንደሚወጣው። «ትምህርት»ም «ምሁር»ም የዚሁ ልጆች ናቸው።

ችግሩ የመጣው አማርኛ ላይ ነው። ግዕዝ ሌላ «መሐረ» አለው፤ በሐመሩ ሐ፣ ይቅር አለ ማለት። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አንድ አደረገና መሐል ላይ ዋጣቸው። «ማረ» የሚለውን ምሕረት ወሰደው፤ ዛሬ «ማረው» ቢባል አስተማረው ብሎ የሚረዳ የለም። ለትምህርት የተረፈው «ተማረ» ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን እስረኛው ይጋራዋል፦ «ተማረ» ሲባል ተለቀቀም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አማርኛ በ«ተማረ» ላይ «አስ» ደርቦ «አስተማረ» አለ። ጥገና ነው፣ ግን ጥሩ ጥገና።

ኦሮምኛም መንገዱ ይኸው ነው፦ «ባረቹ» መማር፣ «ባርሲሱ» ማስተማር፤ «ሲስ» የኛን «አስ» ሥራ ይሠራል። ሶማልኛ ይገለብጠዋል። «ባር» አስተምር ነው፣ «ባሮ» ደግሞ ተማር፣ ለራስህ ያዘው እንደማለት። «መዓሊን» ግን ከዓረብኛው «ሙዓሊም» የመጣ ነው። ሐረር ጀጎል ውስጥ የሃይማኖት መምህር «ከቢር» ይባላል፤ ምንጩ ዓረብኛ ነው፣ ትልቅ ማለት። ክብሩን ከዕውቀቱ አስቀድሞ የሚጠራ ስም ነው፤ የቄስ ትምህርት ቤቱ «የኔታ»ም እንደዚያው፣ «የኔ ጌታ» ተውጦ ነው።

ሲጻፍ የሚበላሸውን ደግሞ እንይ። «መምህራኖች» ስሕተት ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኣን» ራሱ አብዝቶታል፣ «ኦች» ሁለተኛ ጊዜ ያበዛዋል። «መምህራን» ወይም «መምህሮች» በሉ። ለሴት «መምህርት»፣ ባጭሩ «መ/ርት»። «መምህር»ና «ትምህርት» በሃሌታው ሀ፣ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ይጻፋል፤ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል፣ ጆሮ ስለማይለየው አይፈረድበትም። «አስተማሪ» ቅጽልም ይሆናል፦ «አስተማሪ ቅጣት» ይባላል፣ «መምህር ቅጣት» ግን አይባልም።