የሜዳ ጥቅምን ከአንድ ቁጥር ማውጣት

ሰላም ለሁላችሁም። ዛሬ የማካፍላችሁ የሜዳ ጥቅም (ቡድን በራሱ ሜዳ ሲጫወት የሚያገኘው ብልጫ) ላይ የደረስኩበትን ነው። ለአዲሶች፦ በፓይተን የእግር ኳስ ሲሙሌሽን ጌም እየሠራሁ ነው። ምስል የለውም። ጨዋታው እንደ ሬዲዮ ስርጭት ደቂቃ በደቂቃ በጽሑፍ ይወርዳል። ሊጉ የራሳችን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ነው።

መነሻዬ እንደ አብዛኛው ሰው ፖይሰን ነው፤ ከሚጠበቀው አማካይ ጎል ተነስቶ የእያንዳንዱን ውጤት ዕድል የሚያሰላ የስታትስቲክስ ቀመር። እያንዳንዱ ቡድን የማጥቃትና የመከላከል ቁጥር አለው፤ ከዚያ በጨዋታው የሚጠበቅበት ጎል ይወጣል። እኩል አቅም ያላቸው ሁለት ቡድኖች ገለልተኛ ሜዳ ላይ 1.35 ጎል ቢጠበቅባቸው፣ እያንዳንዳቸው 37 በመቶ የማሸነፍ ዕድል አላቸው፤ 26ቱ አቻ ነው። አሁን የባለሜዳውን በ1.12 አባዙት፣ የእንግዳውን በ1.12 አካፍሉት። 1.5 ለ1.2 ገደማ ይመጣል። የባለሜዳው ዕድል ወደ 44 ሲወጣ የእንግዳው ወደ 30 ይወርዳል። በአውሮፓ ትልልቅ ሊጎች ለዓመታት ከታየው ብዙም አይርቅም።

ብዙ ጌም ሠሪ እዚህ ጋ ያበቃል። በኢሎ (ቡድኖችን ከውጤታቸው ተነስቶ በነጥብ ደረጃ የሚያወጣ ስሌት) የሚሠሩትም ያው ናቸው፤ የዓለም ብሔራዊ ቡድኖች የኢሎ ደረጃ ለባለሜዳው 100 ነጥብ ይደምርለትና ጉዳዩ ይዘጋል። የምሠራው የእንግሊዝ ሊግ ቢሆን እኔም ዘግቼው ወደ ዝውውር መስኮቱ እገባ ነበር።

የእኛ ሊግ ግን በዚህ አይያዝም። ጊዮርጊስና ቡናን ውሰዱ። ሁለቱም የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ለዓመታት ሜዳቸው ያው ስታዲየም ነበር። ፕሮግራሙ ላይ አንዱ ባለሜዳ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ማንም ከከተማ አልወጣም። ሣሩን ሁለቱም ያውቁታል። ደጋፊውም ስታዲየሙን ተካፍሎ ነው የሚጮኸው፤ ሚስማር ተራ የቆመ ሰው ይመሰክራል። ታዲያ ያቺ 1.12 ለማን ትሰጥ?

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ባሰ። ሊጉ ቡድኖቹን ሰብስቦ በየዙሩ ከተማ እየቀየረ መጫወት ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጅማ ላይ ሁለት የውጭ ቡድኖች ሲገናኙ አንዱ "ባለሜዳ" ነው፤ ሜዳው ግን የሌላ ሰው ነው። ብሔራዊ ቡድናችንም ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የሚቀበለው ስታዲየም አጥቶ "የሜዳውን" ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ባለሜዳ እኛ ነን።

ስለዚህ ቁጥሩን በታተንኩት። አሁን ኮዱ ውስጥ "ባለሜዳ" የሚል ስም ብቻውን ምንም አይሰጥም። ጥቅሙ የሚመጣው ከደጋፊ፣ ከጉዞና ከአየሩ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ደጋፊው ነው። ኮሮና እዚህ ላይ ጥሩ ላቦራቶሪ ሆኖልናል። እ.ኤ.አ. በ2020/21 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አብዛኛው ጨዋታ በዝግ ስታዲየም ሲካሄድ፣ ከ380 ጨዋታ ባለሜዳ ያሸነፈው 144፣ እንግዳ ያሸነፈው 153 ነው። ሜዳው ያው፣ መልበሻ ክፍሉ ያው፣ የጎደለው ጩኸቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ጩኸቱ ግን በምን በኩል ነው የሚሠራው? ተጫዋቹን ያነቃል እንላለን። እኔ ይበልጥ ያሳመነኝ በዳኛው በኩል መሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት አለ። ለዳኞች ያንኑ የጨዋታ ቪዲዮ ለገሚሱ ከነድምፁ፣ ለገሚሱ ድምፁን አጥፍተው አሳዩዋቸው። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት በ15 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ልብ በሉ፣ ቪዲዮ ላይ ነው፤ አጠገባቸው የሚሳደብ ሰው እንኳ የለም!

ስለዚህ ደጋፊን ከጎል ቀመሩ አወጣሁትና ፊሽካው ላይ አስቀመጥኩት። የባለሜዳው ደጋፊ ሲቀነስ የእንግዳው፣ ለስታዲየሙ አቅም ይካፈላል። የወጣው ቁጥር በባለሜዳው ላይ ጥፋት የመነፋቱን ዕድል ይቀንሳል፤ ቢበዛ 15 በመቶ። ከዚያ ቢጫው፣ ቅጣት ምቱ፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ ተከትሎ ይመጣል። በጊዮርጊስና ቡና ደርቢ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ ነው። በዝግ ስታዲየም ጭራሽ ዜሮ።

ጽሑፉም ሕይወት ዘራ። ድሮ "ጎል! 2 ለ1" ብቻ ነበር የሚለው። አሁን "67ኛ ደቂቃ፦ ከኋላ ጠለፈው፣ ዳኛው በእጁ ቀጥሉ አለ፣ የእንግዳው አሰልጣኝ ከመስመር ወጥቷል" ይላል። ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ከምንጠጣቸው ልጆች አንዱ፣ ሐዋሳን ይዞ ሲጫወት ይቺ መስመር ደርሳው ስልኬን ሊወረውረው ነበር። ከዚህ የተሻለ ቴስት አላውቅም።

አየሩ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የደቡብ አሜሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ጥናት፣ በየ1,000 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት ባለሜዳው ግማሽ ጎል ያህል እንደሚያተርፍ ያሳያል። ግን እዚያ ያለው ላፓዝ ነው፤ 3,600 ሜትር። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የማራዶናን አርጀንቲና፣ ሜሲ እያለ፣ 6 ለ1 ያሸነፈችበት ከተማ። ያንን ቁጥር እንዳለ ለድሬዳዋ ቡድን ማሸከም ግፍ ነው። እኔ ሩቡን ብቻ ወሰድኩ፤ እሱንም ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ብቻ እንዲሠራ አደረግኩ። የከፍታ ድካም ሲቆይ ነው የሚታየው። በተቃራኒው የደጋ ቡድን በቀትር ድሬዳዋ ሲወርድ በሙቀት ይቀጣል፤ ፀሐይዋ ከጠለቀች ቅጣቱ ይቀላል።

"1954ን አስገባና ሞክረው" ያላችሁኝ አላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በመደበኛው ሰዓት 2 ለ2 ቆይተን በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ2 ያሸነፍንበት የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኮዱ በተጨማሪ ሰዓት ለእኛ ማድላቱ አይቀርም። ግን ከፍታው ነው ያሸነፈው አልልም፤ የእነ መንግሥቱ ወርቁን እግር ማሳነስ ይሆናል።

ጉዞ ገና ጥሬ ነው። ለጊዜው በአውቶቡስ ከ6 ሰዓት በላይ የተጓዘ ቡድን የጉልበት ነጥብ ይቀነስበታል፤ በአውሮፕላን የሄደ አይነካም። ተሰባስበው ለሚጫወቱበት ዙር ደግሞ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ ሆቴል ለሳምንታት መክረም። እሱ ድካም ይሁን ወይስ ቡድን ማቀራረቢያ፣ ኳስ የተጫወታችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ከ2012 በፊት የነበሩ ጨዋታዎችን የተመልካች ብዛትና የካርድ መዝገብ ያስቀመጠ ሰው ካለም በውስጥ መስመር ይላክልኝ፤ የ15 በመቶውን ጣሪያ በእኛው ዳኞች ልለካው እፈልጋለሁ።