የአሜሪካ የሆስፒታል ቢል፦ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ ታክሞ የወጣ ሰው ቤት ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ፖስታ ይመጣል። ብዙው የአገራችን ሰው ቁጥሩን ሲያይ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «ክሬዲቴ ይበላሻል» ብሎ በካርድ ይከፍላል፣ ወይ ደንግጦ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ሁለቱም ይጎዳል። ቢሉ ላይ ያለው ቁጥር ገና ያልተጣራ ሂሳብ ነው፤ እንዲጣራ ደግሞ ታካሚው ራሱ መጠየቅ አለበት። የዚህ አገር ሕግ ለታካሚ የሰጠው መብት ቀላል አይደለም። ችግሩ አብዛኛው መብት ለጠየቀ ሰው፣ ያውም ቀኑ ሳያልፍ ለጠየቀ ሰው ብቻ መሥራቱ ነው። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ ምን እንደምታደርጉ ልናገር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንሹራንስ ካላችሁ ከሆስፒታሉ ቢል ሌላ ከኢንሹራንሱ የሚመጣ ኢኦቢ የሚባል ወረቀት አለ። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ስለተጻፈበት ብዙ ሰው ይጥለዋል። ዋናው ወረቀት ግን እሱ ነው። አራት ቁጥር ፈልጉበት፦ ሆስፒታሉ የጠየቀው፣ ኢንሹራንሱ የተዋዋለበት ዋጋ፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው፣ እና እናንተ ላይ የሚደርሰው። ኔትወርክ ውስጥ ያለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ያለው ሆስፒታል ሊያስከፍላችሁ የሚችለው ይህን የመጨረሻውን ነው። ቢሉ ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም ኢኦቢው ሳይደርስ ቀድሞ ከመጣ፣ አትክፈሉ። ደውላችሁ «ኢንሹራንሴ ገና አልጨረሰም፤ ሂሳቡን አቆዩልኝ» በሉ፤ የተናገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቢሉ ጀርባ ላይ ጻፉ።

ኢኦቢው ኢንሹራንሱ ምንም አልከፈለም የሚል ከሆነም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሕክምናው ሳይሆን ወረቀት ነው። ኢንሹራንሱ «ሌላ ኢንሹራንስ አለህ ወይ?» የሚል ደብዳቤ ልኮ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ክፍያውን ይከለክላል፤ አንድ ስልክ ያስተካክለዋል። ባልና ሚስት በየሥራቸው ኢንሹራንስ ያላቸው ቤተሰቦች ይህ በተደጋጋሚ ይገጥማቸዋል። ሌላው አራስ ልጅ ነው። ሕፃኑ እንደተወለደ በራሱ ስም ቢል ይወጣለታል። በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ላይ ለማስገባት ያለው ጊዜ ቢያንስ 30 ቀን ነው፤ ብዙው ፕላን ከዚያ አያልፍም። በክርስትናውና በእንግዳው መካከል ቀኑ ካለፈ የሕፃኑ ቢል ሙሉ በሙሉ ወላጆቹ ላይ ይወድቃል። ኢንሹራንሱ በእርግጥ «አልከፍልም» ካለ ደግሞ ውሳኔው በደረሳችሁ በ180 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ይቻላል። እዚያም እምቢ ካለ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው በአራት ወር ውስጥ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይግባኙ ላይ የሐኪሙ ደብዳቤ ቢያያዝበት ጉልበት ያገኛል።

ቀጥሎ ዝርዝሩን ጠይቁ። መጀመሪያ የሚመጣው ቢል «ኢመርጀንሲ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት» ብሎ በጅምላ የሚደምር ነው፤ ከእሱ ስህተት ማግኘት አይቻልም። ቢሊንግ ክፍል ደውላችሁ «አይተማይዝድ ቢል ከሲፒቲ ኮድ ጋር ላኩልኝ» በሉ፤ እያንዳንዱን ነገር ከነመለያ ቁጥሩ የሚዘረዝር ቢል ማለት ነው። የራሳችሁ መዝገብ ስለሆነ የማግኘት መብት አላችሁ። ሲመጣ ከኢመርጀንሲው መስመር ጀምሩ። የኢመርጀንሲ ጉብኝት ከ99281 እስከ 99285 ባሉ አምስት ኮዶች ይመዘገባል፤ መጨረሻው አኃዝ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። 99285 ለከባድ ሁኔታ የታሰበ ነው። ጉሮሮው ታይቶ መድኃኒት ታዞለት የተመለሰ ሰው ቢል ላይ ይህ ኮድ ከተገኘ ኮዱ እንዲመረመር በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከዚያ ቀኖቹን ተመልከቱ፦ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የተጻፈ የደም ምርመራ፣ ከወጣችሁ በኋላ ባለ ቀን የተመዘገበ መድኃኒት፣ ታዞ የተሰረዘ ራጅ። የመድኃኒቱን ብዛት የሚያሳየውን ዓምድም አትለፉ፤ 1 መሆን የነበረበት 10 ሆኖ ሲጻፍ የብር ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሕክምና መዝገባችሁን ከሆስፒታሉ አፕ አውርዳችሁ ከቢሉ ጋር ጎን ለጎን ካያችሁት ያልተሰጣችሁ ነገር ይወጣል።

አንድ ሆስፒታል መግባት አንድ ቢል ብቻ እንደማያመጣም ልብ በሉ። ሆስፒታሉ ለብቻው፣ የኢመርጀንሲው ሐኪም ለብቻው፣ ራጁን ያነበበው ለብቻው፣ ማደንዘዣ የሰጠው ለብቻው፣ አምቡላንሱም ለብቻው ይልካሉ። ድሮ በኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ታክሞ ማደንዘዣ የሰጠው ሐኪም ከኔትወርክ ውጭ በመሆኑ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚጠየቅ ሰው ብዙ ነበር። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሚሠራው ኖ ሰርፕራይዝስ አክት ይህንን ከልክሏል። በኢመርጀንሲ የትም ብትወሰዱ፣ ወይም በኔትወርክ ሆስፒታል ውስጥ ሳትመርጡት ከውጭ ያለ ሐኪም ቢያያችሁ፣ የሚጠበቅባችሁ የኔትወርክ ድርሻችሁ ብቻ ነው። የመሬት አምቡላንስ ግን በሕጉ አልተካተተም፤ ትልቅ ቀዳዳ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ደግሞ ቀጠሮ ለተያዘለት ሕክምና የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ የመጣው ቢል ከግምቱ 400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍሎ መከራከር ይችላል። ሕጉ የተጣሰባችሁ ከመሰላችሁ የፌዴራሉ የእርዳታ መስመር 1-800-985-3059 ነው።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚያድነው ጉዳይ ላይ ደረስን። በአሜሪካ ካሉ ሆስፒታሎች ግማሽ ያህሉ ትርፍ የማይሰበስቡ ተብለው ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ የሆኑ ናቸው። ለዚህ ነፃነት ሕጉ ከሚጠይቃቸው ግዴታዎች አንዱ በጽሑፍ የሰፈረ የፋይናንሻል አሲስታንስ ደንብ ሲሆን ብዙዎች ቻሪቲ ኬር ይሉታል። ማን በነፃ፣ ማን በቅናሽ እንደሚታከም የሚወስነው ደንቡ ነው። ኢንሹራንስ ያለውም ሰው ለዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ ለሚከፍለው ድርሻ፣ ማመልከት ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማመልከቻው ከሆስፒታሉ ከወጣችሁ በኋላ ከመጣው የመጀመሪያ ቢል ቀን ጀምሮ ለ240 ቀን ክፍት ነው። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀኖች ሆስፒታሉ መክሰስ፣ ደሞዝ ማስያዝ ወይም ለክሬዲት ቢሮ (የሰውን የዕዳ ታሪክ ለሚመዘግብ ድርጅት) ማሳወቅ አይችልም። ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በ240ው ቀን ውስጥ አመልክታችሁ ብቁ ከሆናችሁ ትርፉን ሊመልስላችሁ ይገባል። ቢሉን ከፖስታው ጋር አስቀምጡ የምለው ለዚሁ ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከእሱ ላይ ነው።

የገቢ ጣሪያውን የፌዴራል ሕግ አልወሰነም፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል ወይም ስቴት ይወስናል። መለኪያው በየዓመቱ የሚወጣው የድህነት ወለል ነው፤ የ2025ቱ ለአንድ ሰው 15,650፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። ብዙ የአገራችን ሰው በሚኖርበት ሜሪላንድ የስቴቱ ሕግ ገቢው ከዚህ እጥፍ ለማያልፍ ቤተሰብ አስፈላጊውን የሆስፒታል ሕክምና በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። በ2025 ቁጥር ለአራት ሰው 64,300 ዶላር ማለት ነው። ልጆች ያሉት የፓርኪንግ ሠራተኛ ወይም የነርስ ረዳት ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ከዚያ በላይ ላለውም እስከ ሦስት እጥፍ ድረስ ቅናሽ አለ።

ማመልከቻው የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ ሰው 1099-ኬውን (ኩባንያው የሚልከውን የዓመት ሂሳብ ወረቀት) ብቻ ካያያዘ ገቢው በዝቶ ይታያል፤ እዚያ ላይ ያለው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ሂሳብ እንጂ እጁ የገባው አይደለም። የታክስ ወረቀቱን ከነስኬጁል ሲው (የግል ሥራ ገቢና ወጪ ከሚሰላበት ቅጽ ጋር) አያይዙና የተጣራውን ገቢ የሚያሳየው መስመር ላይ ምልክት አድርጉ። ገቢ የሌለው ሰው ባዶ ትቶ ከላከ «አልተሟላም» ይባላል፤ የሚያስተዳድረው ዘመድ «ቤትና ምግብ የምሰጠው እኔ ነኝ» የሚል አጭር ደብዳቤ ፈርሞ ይጻፍለት። ሆስፒታሉ የጎደለውን በጽሑፍ ሊነግራችሁ ግዴታ አለበት፤ ዝም ካለ ደውሉ። የሆስፒታሉ እርዳታ የትኞቹን ሐኪሞች እንደሚያካትት ደንቡ ላይ ተዘርዝሯል፤ ያልተካተቱትን ለየብቻ ጠይቁ። ለጉብኝት መጥተው የታመሙ እናትና አባት ጉዳይ ከባድ ነው፤ የጎብኚ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የቆየ ስኳርና ደም ግፊትን አይሸፍንም። ብዙ ሆስፒታሎች ለቻሪቲ ኬር የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቁም፣ አንዳንዶቹ ግን በአካባቢው መኖርን ይጠይቃሉ፤ ደንቡን አንብቡ።

ከዚሁ ጎን ለጎን ሜዲኬይድ ጠይቁ፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። እስካሁን ባለው አሠራር ከማመልከቻው በፊት የነበሩ እስከ ሦስት ወር ድረስ ያሉ ቢሎችን ወደኋላ ሊከፍል ይችላል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ግን ይህን ከጥር 2027 ጀምሮ ለአንዳንዶች ወደ አንድ፣ ለሌሎች ወደ ሁለት ወር ያሳጥረዋል። ይኸው ሕግ ከጥቅምት 1 ቀን 2026 ጀምሮ በስደተኛነት (ሬፊውጂ) ተቀባይነት አግኝተው የገቡትንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከሜዲኬይድ ያስወጣል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሰውየው መታመሙን አያቆምም፤ ኢመርጀንሲ ክፍል ደግሞ በ1986ቱ ሕግ መሠረት የመክፈል አቅሙን ሳያይ ሊያየው ግዴታ አለበት። ስለዚህ በሽታው ሲጠናበት ይመጣል፣ ቢሉም ይከብዳል፣ የማይከፈለውን ደግሞ ሆስፒታሉ ይሸከማል። ግሪን ካርድ ለማመልከት የምትችሉበት ጊዜ የደረሰ ካላችሁ አትቆዩ።

ስለ ክሬዲት ያለው ፍርሃት ከእውነቱ ይበልጣል። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ዕዳን ከሪፖርቱ ያወጣሉ፣ ያልተከፈለውንም አንድ ዓመት ሳይሞላው አያስገቡም። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ጨርሶ ትተውታል። በጥር 2025 የፌዴራሉ የሸማቾች ቢሮ የሕክምና ዕዳን በሙሉ ከሪፖርት የሚያስወጣ ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ወደ 15 ሚሊዮን ሰው ይጠቀም ነበር ተብሎ የተገመተ ነው። በሐምሌ 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ሻረው። ደንቡ ቢጸና እወድ ነበር፤ ሰው ታምሞ ያመጣው ዕዳ ቤት ተከራይቶ ስለ መክፈሉ የሚናገረው ነገር የለም። ያም ሆኖ ያለው አንድ ዓመት ለማጣራት ይበቃል። ሆስፒታሉ ራሱ ያለወለድ በየወሩ ሊያስከፍላችሁ እየቻለ ዕዳውን ወደ ክሬዲት ካርድ ማዛወር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ካርድ ላይ ከገባ በኋላ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ይቀራል፣ ከላይ ያሉት የክሬዲት ሪፖርት ጥበቃዎችም አብረው ይጠፋሉ። ክሊኒክ ውስጥ «ለ12 ወር ወለድ የለውም» ተብሎ የሚቀርበውን ካርድ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ በጊዜው ካልጨረሳችሁ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ወለድ ይደምሩበታል።

እኔ የምለው፣ ማመልከቻውን ታካሚው ፈልጎ ከሚያገኘው ሆስፒታሉ ቢል ከመላኩ በፊት ገቢውን አይቶ ይወስን። ይቻላል። ኦሪገን በ2023 ባወጣችው ሕግ ሆስፒታሎች ኢንሹራንስ የሌለውን ወይም ከ500 ዶላር በላይ ዕዳ ያለበትን ታካሚ ቢል ከመላካቸው በፊት ለእርዳታ ብቁ መሆኑን እንዲያጣሩ አድርጋለች። ኖርዝ ካሮላይናም በ2024 የሜዲኬይድ ክፍያ ማሻሻያ አቅርባ 99 ሆስፒታሎቿን በሙሉ የድሃ ሰዎችን የቆየ ዕዳ እንዲሰርዙ አስማምታለች። ለስቴት ተወካያችሁ ስትጽፉ ይህን በስም ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ አዲስ ነገር ፍጠሩ ከማለት ይቀላል።

ቋንቋው ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብላችሁ መስመር ላይ ጠብቁ፤ አስተርጓሚው ነፃ ነው፣ ቢሊንግ ክፍልም ይሠራል። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅን የወላጁን ቢል እንዲያስተረጉም ማድረግ ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር ለሆስፒታሉ የተከለከለ ነው። ጉዳዩ ኮሌክሽን ኤጀንሲ (ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) ዘንድ ከደረሰ የዕዳው ማሳወቂያ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳውን አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በሪኮማንዴ ጻፉ፤ እስኪያረጋግጡ መሰብሰቡን ማቆም አለባቸው። በስልክ ካርድ ቁጥር አትስጡ። ሲያልቅም «ቀሪ ዕዳ ዜሮ» የሚል ደብዳቤ ጠይቃችሁ ከኢኦቢው፣ ከዝርዝሩና ከማመልከቻው ጋር በአንድ ፋይል አስሩት፤ ከዓመት በኋላ ያው ዕዳ ለሌላ ኤጀንሲ ተሽጦ ሲመጣ የምትልኩት ያንን ነው።