ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ልትጀምር ካሰብክ መጀመሪያ እጅህን አቅልል

ባለ ሁለት አፍ መላጫዬን፣ ማለትም በሁለቱም ጎኑ ስለት ያለው አንድ ስስ ምላጭ የሚገጠምበትን የብረት እቃ፣ ፎቶ ላይ ያዩ ሰዎች በውስጥ መስመር እየመጡ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፣ "ይሄ ነገር ፊት አይቆርጥም?" መልሱ ይቆርጣል ነው፣ ግን የሚቆርጠው ስትጫነው ነው። ሌላው ሁሉ፣ ሳሙናው፣ ብሩሹ፣ የመላጫው ሞዴል፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ችግሩ አብዛኞቻችን መላጨት የለመድነው በፕላስቲክ ካርትሪጅ፣ ምላጮቹ ከነጭንቅላቱ በተያያዙበት መላጫ መሆኑ ነው። ባለ ሦስት ባለ አምስት ምላጩ ጭንቅላቱ ይተጣጠፋል፣ ከስር ጎማ አለው፣ ስትጫነው ራሱን ፊትህ ላይ ያስተካክላል፣ ስለዚህ እጅህ ሳታውቀው ለዓመታት መጫን ተምሯል። ባለ ሁለት አፉ ግን ደረቅ ብረት ነው፣ አይተጣጠፍም፣ ማዕዘኑንም ግፊቱንም የምትወስነው አንተ ነህ። ለዚያ ነው ጀማሪ ሰው ምላጩን የሚረግመው።

እቃው ራሱ ምንም ውስብስብ ነገር የለውም። ላይ ክዳን፣ ታች ምላጩ የሚያርፍበት ብረት፣ ከዚያ እጀታ፣ በቃ። ምላጩ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ይወዛወዛል፣ እጀታውን ስታጠብቀው ክዳኑ ጎበጥ አድርጎ ይይዘውና ያኔ ነው ጠንካራ የሚሆነው። አሜሪካዊው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የቡሽ ቆርኪ ሻጭ እያለ ነው ይሄን ያሰበው፣ ዋናው ጭንቀት የነበረው ይሄን ያህል የሳሳ ብረት እንዴት ተጠንክሮ ይሳላል የሚለው ነበር፣ እሱን የፈታው ዊሊያም ኒከርሰን የሚባል መሐንዲስ ነው። ገበያ በወጣበት በ1903 እ.ኤ.አ. የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው ይባላል፣ ፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) የመጣው በ1904 ነው፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ በሚሊዮን የሚቆጠር አዘዘና ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። ይሄን የማወራው ለታሪክ አይደለም፣ አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ብዙም ስላልተለወጠ አያትህ የተወው መላጫ መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ እጀታው የሚጠብቅበት የብሎን ጥርስ ካልተበላና ክዳኑ ካልተጣመመ ዛሬ የሚሸጠው ምላጭ በአብዛኛው ይገጥምለታል ለማለት ነው። በደንብ ቀቅለህ ማጽዳት ብቻ ነው።

እኔን ወደዚህ ያመጣኝ ገንዘብ ቁጠባም ፋሽንም አይደለም፣ አንገቴ ላይ የሚወጣው እብጠት ነው። ጥምዝ ፀጉር ያለን ሰዎች እናውቀዋለን፣ ተላጭተህ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አንገትህ ብጉር በሚመስል ነገር ይሞላል፣ ሐኪሞች ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይሉታል። የሚሆነው እንዲህ ነው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ሁለት ምላጭ ጎን ለጎን የያዘው ካርትሪጅ ከመጣ ጀምሮ ሃሳቡ የፊተኛው ምላጭ ፀጉሩን ሳብ ያደርገዋል የኋለኛው ይቆርጠዋል ነው፣ ፀጉሩም ተቆርጦ ሲለቀቅ ከቆዳ በታች ይገባል። ቀጥ ያለ ፀጉር ላለው ሰው ችግር የለውም ተመልሶ ይወጣል፣ ጥምዝ ፀጉር ግን እዚያው ውስጥ ዞሮ ቆዳውን ይወጋዋል። አንድ ምላጭ ሲሆን ፀጉሩን ቆዳው ጋ እኩል ነው የሚቆርጠው ስለዚህ ይሄ ነገር ይቀንሳል። ይቀንሳል ነው ያልኩት፣ መድኃኒት ነው አላልኩም። ቆዳህን ወጥረህ ፀጉሩ ከተኛበት በተቃራኒው እየገፋህ ከላጨኸው በአንድ ምላጭም ያው ነው። በጣም የሚያምህና ጠባሳ የሚተውብህ ከሆነ ደግሞ መላጨቱን አቁመህ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ።

መግዛት ካለብህ ለስላሳ የሚባለውን ዓይነት ውሰድ፣ ማለትም ምላጩ ብዙ የማይወጣበትንና ከስሩ ጥርስ የሌለው ደፍን ብረት ያለውን። መርኩር 34ሲ፣ ኤድዊን ጃገር ዲኢ89፣ ሙሌ አር89 ሁሌ ለጀማሪ የሚመከሩ ናቸው፣ የሁለቱ የኋለኞቹ ጭንቅላት አንድ ዓይነት ስለሆነ በእጀታቸው ምረጥ። ከስሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው፣ ጭንቅላቱ ጠመም ያለው፣ ቁጥር እያዞርክ የምታስተካክለው፣ እነዚህ ሁሉ ይቆዩ። ምላጭ ላይ ግን የኔን ምርጫ አትጠይቀኝ፣ እውነት ነው የምልህ፣ ለኔ ቅቤ የሆነው ለሌላው ይጎትታል። ፌዘር የሚባለው የጃፓኑ በጣም ስለታም ስለሆነ እጅህ እስኪለምድ ተወው፣ አስትራ ወይ ደርቢ ዓይነት ያዝና አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ሳትቀይር ተጠቀም። ሰው መላጫም ምላጭም ሳሙናም በአንድ ቀን ይቀይርና ፊቱ ሲቃጠል የቱ እንዳቃጠለው አያውቅም፣ ከዚያ ሌላ ይገዛል፣ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ ሙዚየም ይሆናል ጺሙ ግን ያው ነው።

ምላጩን ስትገጥም ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ያዘው፣ ካጠበቅክ በኋላ በሁለቱም ወገን እኩል መውጣቱን እይ፣ አንዱ ወገን ከበዛ ፈትተህ እንደገና ግጠም።

ከመላጨትህ በፊት ጺምህ ውሃ መጠጣት አለበት። ደረቅ የጺም ፀጉር ከባድ ነገር ነው፣ በሞቀ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲርስ ግን ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ሻወር ከወሰድክ በኋላ መላጨት የመሰለ የለም። ብሩሹ ሲንተቲክ (ሰው ሠራሽ ፀጉር) ይሁን፣ ርካሽ ነው ቶሎ ይደርቃል፣ የዱር እንስሳ ፀጉር ስታሳድድ አትዋል። ሳሙናውን እያሸህ ውሃ በጠብታ በጠብታ ጨምር፣ አረፋው ትላልቅ ፊኛ ካለው ወይ ውሃ በዝቶበታል ወይ ገና አልተመታም፣ ከደረቀና ከተጣበቀ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል፣ የምትፈልገው ፊኛው የማይታይ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ውሃችሁ ጨው የሚበዛበት ከሆነ ሳሙናው እምቢ ሊል ይችላል፣ ያኔ ሳሙና ጨምር ወይ ክሬም ተጠቀም።

አሁን ሰው የሚዘለው ነገር፣ የጺምህን አቅጣጫ ማወቅ። ሁለት ቀን ሳትላጭ ቆይና ፊትህን በጣትህ ዳሰው፣ ለስላሳ የሆነበት ወገን ፀጉሩ የተኛበት ነው፣ የሚሻክርህ ተቃራኒው ነው። ጉንጭ ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ነው፣ አንገት ላይ ግን ጉድ ነው፣ ወደ ጎን የሚሄድ አለ፣ ከስር ወደ ላይ የሚያድግ አለ፣ ግራና ቀኝ የማይመሳሰልበት ሰውም አለ። "ከላይ ወደ ታች ነው የምላጨው ግን አንገቴ ይቃጠላል" የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ አንገታቸው ላይ ሳያውቁት በተቃራኒው ነው እየሄዱ ያሉት። ወረቀት ላይ ቀስት እየሳልክ ብትይዘው አይጎዳህም።

ከዚያ አላጫጩ። ክዳኑን ጉንጭህ ላይ አስተኛው፣ እጀታው ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከዚያ እጀታውን ቀስ እያልክ ወደ ታች አውርደው ምላጩ ፀጉሩን መንካት እስኪጀምር፣ እዚያ ጋ አቁም፣ 30 ዲግሪ ምናምን የሚሉት እሱን ነው፣ ማስመሪያ አያስፈልግህም። በአጭር በአጭሩ ሂድ፣ እጀታውን በጣትህ ጫፍ ያዘው፣ ክብደቱ ራሱ ይሠራልሃል አንተ ምራው ብቻ። ጥሩ ማዕዘን ላይ ስትሆን ፀጉሩ ሲቆረጥ ቅርጭ ቅርጭ የሚል ድምፅ ትሰማለህ፣ ድምፁ ከጠፋ መጫን ሳይሆን ማዕዘኑን ነው የምታስተካክለው። አንዱ ወገን በአረፋ ሲሞላ ገልብጠህ በሌላኛው ቀጥል፣ ከዚያ ሁለቱንም እጠብ። አገጭ ላይና ከንፈር ስር በጣም አጭር አድርገው፣ ማንቁርትህ ጋ ስትደርስ ቆዳውን በጣትህ ወደ ጎን ሳብ አድርገህ ከጎባጣው ላይ አውርደው፣ ጎባጣው ላይ በቀጥታ አትሂድ። ምላጩን ወደ ጎን ማንሸራተት ግን በጭራሽ፣ ያ መላጨት አይደለም መቁረጥ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ፀጉሩ በተኛበት አንድ ዙር ብቻ ሄደህ ተወው። ትንሽ ይሻክራል፣ ይሻክር። እጅህ ሲለምድ አረፋ እንደገና ቀብተህ ወደ ጎን ሁለተኛ ዙር ጨምር። በተቃራኒው መሄድ የመጨረሻው ነው፣ የሚያብጥብህ ሰው ከሆንክ ደግሞ እስከነጭራሹ ይቅርብህ፣ እኔ አንገቴ ላይ አላደርገውም አላደርገውምም። አረፋ በሌለበት ቦታ "ይቺን ብቻ" ብሎ መመለስም የብዙ ቃጠሎ ምክንያት ነው።

ስትጨርስ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ፣ አልኮል የሌለው ነገር ቀባ። አልም የሚባለው ድንጋይ ካለህ አርጥበህ ፊትህ ላይ ብታስኬደው ትንንሽ ደም ያቆማል፣ የሚያቃጥልበት ቦታም የት ጋ እንደተጫንክ ይነግርሃል፣ ለጀማሪ ከመስታወት በላይ የሚናገር እሱ ነው። መላጫውን አራግፈው ይድረቅ፣ ምላጩን በፎጣ አትጥረግ፣ ስለቱም ይበላሻል ጣትህም። አንድ ምላጭ እንደ ጺምህ ከሦስት እስከ ሰባት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል፣ መጎተት ሲጀምር ግን ቁጥሩን ተወውና ጣለው። ምላጭ ለማንም አታውስ፣ ለወንድምህም ቢሆን፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ በደም ነው የሚተላለፉት። አሮጌውን ደግሞ ዝም ብለህ ቆሻሻ ውስጥ አትወርውረው፣ ቆሻሻውን የሚያነሳ ሰው እጅ አለው፣ የቆርቆሮ ጣሳ ክዳኑን ሰንጥቀህ እዚያ አጠራቅም፣ እስኪሞላ ዓመታት ይፈጃል።

ሴቶችም ጠይቃችሁኝ ነበር፣ አዎ ለእግር ይሆናል፣ ሕጉ ያው ነው፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ጋ ብቻ ቀስ በሉ። እና አውሮፕላን የምትሳፈሩ ከሆነ ምላጩን በእጅ ሻንጣ አትያዙ፣ ይወሰድባችኋል፣ ወይ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት ወይ እጀታውን ብቻ ይዛችሁ ምላጩን ስትደርሱ ግዙ።